በብርድ ማለዳ የሚጮህ ሞተር፤ ስለ አሮጌው ቮልስዋገን ቾክና ስለ መለዋወጫው ንግድ

በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ፥ በመካነ ሰላምና በወግዲ አካባቢ፥ ሌሊቱን በውርጭ ያደረ አሮጌ የቤንዚን መኪና በማለዳ ሲነሣ ድምፁ ከልክ ያለፈ ይመስላል። ባለቤቱ ይደነግጣል፤ ቸኩሎ የሚፈርድ መካኒክም ካርቡራቶሩ አርጅቷል ይልና አዲስ እንዲመጣ ወደ ደሴ ወይም ወደ አዲስ አበባ ያስልካል። ይሁን እንጂ ይህ ጩኸት ብዙውን ጊዜ በሽታ ሳይሆን ፋብሪካው አስቦ የሠራው ነው።

ቀዝቃዛ ቤንዚን በደንብ አይተንም፤ በቧንቧው ግድግዳ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ቾኩ የአየሩን መግቢያ አጥብቦ ቤንዚኑ እንዲበዛ ያደርጋል፤ ከቾኩ ጋር የተያያዘው ደረጃ ያለው ጥርስም የነዳጁን በር በጥቂቱ ከፍቶ ይይዛል። ከ1960ዎቹ መጀመሪያ (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ወዲህ በተሠሩት የቮልስዋገን «ጥንዚዛ» መኪናዎች ይህን ሁሉ የሚያዘው በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ጥምዝ ሞላ ነው። ሞላው ሲሞቅ ቾኩ ይከፈታል፥ ጥርሱም ይወርዳል፥ ሚኒሞውም ወደ 800 ወይም 900 ዙር በደቂቃ ይመለሳል። እንግዲህ መጠየቅ ያለበት ሞተሩ በብርድ ለምን ጮኸ ተብሎ ሳይሆን፥ ከሞቀ በኋላ ለምን አልረጋም ተብሎ ነው።

ምርመራው ብዙ መሣሪያ አይሻም። ሞተሩ ገና ሳይነሣ የአየር ማጣሪያው ይነሣና ነዳጅ መስጫው አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ተረግጦ ይለቀቃል፤ የቾኩ ክዳን ያን ጊዜ መዘጋት አለበት። ሞተሩ ተነሥቶ ጥቂት ደቂቃ ሲቆይ ክዳኑ ቀጥ ብሎ መቆም ይገባዋል። ካልቆመ በመጀመሪያ የሚታየው ወደ ቾኩ የሚሄደው ሽቦ ነው፤ ተነቅሎ ወይም ዝጎ ይገኛል። ክዳኑ ተከፍቶ ጩኸቱ ከቀጠለ ደግሞ ጥርሱ በአቧራና በዘይት መያዙ፥ የነዳጅ መስጫው ገመድ አለመመለሱ ይመርመር። እነዚህ ደኅና ከሆኑ አየር በሌላ በኩል እየገባ ነው፤ በካርቡራቶሩ ሥር ያለው ጓርኒሲዮን፥ በኋለኞቹ ባለ 1600 ሞተሮችም የቧንቧው መገጣጠሚያ ላስቲክ ይሰነጠቃል። በዚያ ላይ ጥቂት ውሃ ጠብ ሲደረግ የሞተሩ ድምፅ ከተለወጠ ቀዳዳው ተገኘ ማለት ነው። አንዳንዶች ለዚህ ቤንዚን ይረጫሉ፤ መኪናውን ከነጋራዡ ለማቃጠል ከዚህ የቀለለ መንገድ የለም።

በደጋ አገር ሌላም ነገር አለ። አየሩ ስስ ስለ ሆነ ሚኒሞው ዝቅ ይልና ሞተሩ እንዳይጠፋ መካኒኩ ብሎኑን ያጠብቃል። ያው መኪና 1,850 ሜትር ያህል ከፍታ ወዳላት ኮምቦልቻ ሲወርድ አየሩ ይወፍርለትና ሳይበላሽ ይጮሃል። ብሎኑን ማላላት እንጂ ዕቃ መግዛት አያስፈልግም።

አስመጪዎችን በይበልጥ የሚመለከተው ግን የቮልቱ ጉዳይ ነው። ጥንዚዛው በብዛት ከ6 ወደ 12 ቮልት የተሸጋገረው በ1966 እና በ1967 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) እንደ ገበያው እየተለያየ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በባለቤቶቹ የተለወጡም ብዙዎች ናቸው። የ12 ቮልት የቾክ ማሞቂያ በ6 ቮልት መኪና ላይ ቢገባ የሚያገኘው ኃይል ከሚገባው ሩብ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ቾኩ እጅግ ዘግይቶ ይከፈታል፥ ሞተሩም ቤንዚን እየፈጀ ይጮሃል። የ6 ቮልቱ በ12 ላይ ከገባ ደግሞ ፈጥኖ ይከፈትና ሞተሩ ገና ሳይሞቅ ይጠፋል፥ ማሞቂያውም ይቃጠላል። ሁለቱ በመልክ ይመሳሰላሉ። ባለሱቁ «የስንት ዓመተ ምሕረት ነው?» ብሎ ብቻ ከሸጠ ዕቃው ተመልሶ ይመጣበታል፤ የባትሪውን ቮልትና በአሮጌው ማሞቂያ ላይ የተቀረጸውን ቍጥር መጠየቅ አለበት።

የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ አሮጌውን መኪና በሥራ ላይ ማቆየት የሚሻ ባለቤት ዐይኑ በመለዋወጫ ላይ ነው። ሙሉ ካርቡራቶር በመደርደሪያ ላይ ገንዘብ አስሮ ይቀመጣል፤ ጓርኒሲዮኑ፥ ላስቲኩና በየቮልቱ የተለየው ማሞቂያ ግን በትንሽ ሣጥን ተጭነው እስከ መካነ ሰላም ይደርሳሉ።