ከሰማይ የወረደችው እናት፦ የ«ባትልስታር ጋላክቲካ» ፍጻሜ እና የሄርንደኑ ወዳጄ ቅሬታ

በቨርጂኒያ፣ ከደለስ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ በምትገኘው ሄርንደን የሚኖር የኮምፒውተር ኔትዎርክ መሐንዲስ ወዳጅ አለኝ። ባለፈው ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ከ13 ዓመት ልጁ ጋር «ባትልስታር ጋላክቲካ» የተሰኘውን ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ድራማ ከመጀመሪያው ክፍል አንሥቶ ማየት ጀመረ። የመጨረሻው ክፍል ብቻ ሲቀር ግን አቆመ። አንድ ቀን ሥራ በዛብኝ፣ ሌላ ቀን እንግዳ አለብን እያለ ሦስት ሳምንት አዘገያት። ምክንያቱን ስጠይቀው፣ «እውነቱን ልንገርህ፤ ያን መጨረሻ እንድታየው አልፈለግሁም» አለኝ።

ድራማውን ላላዩ አንባቢያን ባጭሩ ለመግለጽ፣ መነሻው እ.ኤ.አ. በ1978 ግሌን ላርሰን የፈጠረው የቴሌቪዥን ሥራ ነው። ሮናልድ ሙር እና ዴቪድ አይክ በ2003 እንደ አዲስ ሠሩት። በ12 ዓለማት የሚኖሩ ሰዎች ራሳቸው የፈጠሯቸው፣ ሳይሎን የሚባሉ ማሽኖች ይነሡባቸውና ያጠፏቸዋል። ከእልቂቱ የተረፉት ወደ 50 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች በጠፈር መርከቦች ተሳፍረው፣ በስም ብቻ የሚያውቋትን «ምድር» ፍለጋ ይንከራተታሉ። ከሳይሎኖቹ አንዳንዶቹ ደግሞ መልካቸውም ሥጋቸውም ከሰው አይለይም። አገሩ የጠፋበት ሕዝብ፣ የሚከፋፈል ውሃና የሚቆጠር ሕይወት ያለበት ታሪክ ስለሆነ፣ ስደት ለቀመሰ ተመልካች ባዕድ አይሆንበትም። የመጨረሻው ክፍል ከመታየቱ ሦስት ቀን በፊት፣ መጋቢት 2009፣ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አዘጋጆቹንና ተዋንያኑን ኒውዮርክ ወደሚገኘው ዋና መሥሪያ ቤቱ ጋብዞ ስለ ሰብዓዊ መብት አወያይቷል። ለአንድ የቴሌቪዥን ድራማ ይህ ትንሽ ክብር አልነበረም።

ወዳጄ ያን ጊዜ አሜሪካ ከገባ ሁለት ዓመቱ ነበር። ቀን ኮሌጅ ይማራል፤ ማታ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ይሠራል። አርብ፣ መጋቢት 20 ምሽት ተራውን ከሥራ ባልደረባው ጋር ተለዋውጦ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጠ።

ዓመታት ያለፉት ድራማ ስለሆነ ፍጻሜውን ብናወጋው የሚቀየመን አይኖርም። ከብዙ ውጊያ በኋላ ተጓዦቹ አንዲት ሰማያዊ ፕላኔት ላይ ይደርሳሉ፤ የእኛዋ ምድር ናት። ያረፉት አፍሪካ ውስጥ ነው፤ ዘመኑ ከ150 ሺህ ዓመት በፊት። በሣሩ መካከል ጦር የያዙ ሰዎች ሲሄዱ ከሩቅ ይታያሉ። እንግዶቹ በመነጽር ይመለከቷቸውና ገና ቋንቋ የላቸውም ብለው ይደመድማሉ፤ ቋንቋውን እኛ እንሰጣቸዋለን ይባባላሉ። ከዚያም ከተማ ላለመሥራት ይስማሙና መርከቦቻቸውን በሙሉ ወደ ፀሐይ ይልካሉ። ታሪኩ 150 ሺህ ዓመት ዘልሎ ወደ ዛሬዋ ኒውዮርክ ሲመጣ፣ በዋሽንግተኑ ስሚዝሶኒያን በተደረገ የሳይንስ ጉባኤ የ«ሚቶኮንድሪያዊት ሔዋን» ቅሪተ አካል ታንዛኒያ ውስጥ መገኘቱ እንደ ተገለጸ እንሰማለን። ይህች ሴት ከሰው አባትና ከሳይሎን እናት የተወለደችው ሕፃን ሄራ መሆኗ ነው።

በዚያ ሰሞን የብዙዎቹ ተመልካቾች ቁጣ ሌላ ነበር። ለአራት የዝግጅት ዘመን ሲቋጠር የኖረው እንቆቅልሽ በአምላክ ፈቃድ ተፈታ መባሉ አናደዳቸው። ደራሲው ጆርጅ አር. አር. ማርቲንም በግልጽ ከተቹት አንዱ ነበር። (የእርሱን መጻሕፍት መሠረት ያደረገው «ጌም ኦፍ ትሮንስ» በ2019 ሲያበቃ ከተመልካች የወረደበትን ወቀሳ ላስታወሰ ሰው ነገሩ ፈገግ ያሰኛል።) እኔን በበኩሌ ያስቆጣኝ የመርከቦቹ ነገር ነው። ባሕር ማዶ ምህንድስና በምማርበት ዘመን፣ በተማሪዎች ማደሪያ የጋራ ክፍል ውስጥ ድራማውን ያየን ሁሉ እስከ ሌሊቱ አጋማሽ ስንከራከር ነበር። ወደ 40 ሺህ ከሚጠጋ ሕዝብ መካከል መድኃኒት ሳይወስድ ውሎ የማያድር ስንት አለ? ምጥ የሚጠናባት እናትስ? ፕሬዚዳንቷ በካንሰር ስትሞት ባየንበት በዚያው ክፍል፣ የሕክምና መሣሪያው ሁሉ እሳት ውስጥ ሲገባ አንድ ሰው እንኳ ተነሥቶ አይቃወምም። ቴክኖሎጂን መጣል እንደ ቅድስና ሲቆጠር፣ የሚጥለው ሰው ጤነኛና ጎልማሳ መሆኑን አስተውሉ።

የሄርንደኑ ወዳጄ ቅሬታ ግን ከዚህ ሁሉ ይለያል። «የወረዱበት መሬት ባዶ አልነበረም» ይላል።

ቅሬታው በማስረጃ የተደገፈ ነው። በደቡብ ኢትዮጵያ፣ በኦሞ ኪቢሽ በ1967 የተገኘው የራስ ቅል በ2005 በወጣ ጥናት 195 ሺህ ዓመት ገደማ ዕድሜ ተሰጠው። በ2022 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በላዩ የተነጠፈውን የእሳተ ገሞራ አመድ መርምሮ ዕድሜውን ቢያንስ ወደ 230 ሺህ ዓመት ከፍ አደረገው። በአፋር፣ በመካከለኛው አዋሽ በሄርቶ የተገኙትና ዶክተር ብርሃነ አስፋው፣ ቲም ዋይትና ባልደረቦቻቸው በ2003 ይፋ ያደረጓቸው የራስ ቅሎች 160 ሺህ ዓመት ገደማ ናቸው። እንግዲህ እንግዶቹ ወረዱ በተባለበት ዘመን እኛን የሚመስል ሰው በአካባቢው ከኖረ እጅግ ቆይቷል። ተመራማሪዎቹ ለሄርቶው ሰው «ኢዳልቱ» የሚል ስም ሰጡት፤ በአፋርኛ «አዛውንት» ማለት ነው። ከራስ ቅሎቹ አንዱ የሕፃን ነው። ከሞት በኋላ በስለት የተነካ ምልክት አለበት፤ ገጽታውም ደጋግሞ በእጅ ከመዳሰስ የተነሣ እንደ ለሰለሰ ተመራማሪዎቹ ጽፈዋል። ቋንቋ ነበራቸው ወይ የሚለውን አጥንት አይመልስም። የሞተ ልጅን የራስ ቅል ጠብቆ የሚያቆይን ሕዝብ በመነጽር አይቶ ዲዳ ነው ማለት ግን ድፍረት ነው።

የ«ሔዋን» ነገርም እንዲሁ ተዛብቷል። ሚቶኮንድሪያ በሕዋሳችን ውስጥ ኃይል የሚያመነጩ ጥቃቅን አካላት ናቸው። 16,569 «ፊደላት» ያሉት የራሳቸው ዲ.ኤን.ኤ. አላቸው፤ ይህንንም የምንወርሰው ከእናት ነው። ሬቤካ ካን፣ ማርክ ስቶንኪንግና አለን ዊልሰን በ1987 የ147 ሰዎችን ናሙና አነጻጽረው፣ የሁላችንም የእናት መስመር 200 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በአፍሪካ ከኖረች አንዲት ሴት ላይ እንደሚገናኝ አሳዩ። «ሔዋን» የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ነው፤ ብዙ ሰውም አሳሳተ። ሴትዮዋ የመጀመሪያዋ ሴት አልነበረችም፤ በዘመኗም ብቻዋን አልኖረችም። እኛ የአባት ስም እንደምንይዝ የእናት ስም እየያዝን ብንኖር ኖሮ፣ ወንድ ብቻ የወለደች እናት ስሟ በልጆቿ ያበቃል፤ ደሟ ግን በልጅ ልጆቿ ይቀጥላል። ሳይቋረጥ እኛ ዘንድ የደረሰው የእናት «ስም» የአንዷ ብቻ ስለሆነ፣ የቀሩት የሉም ማለት አይደለም። ድራማው ግን ሴትዮዋን የሰው ልጅ ሁሉ የቅርብ ጊዜ የጋራ ቅድመ አያት ያደርጋታል። ይህ ስሕተት ነው፤ በአባትም በእናትም በኩል እየተጠላለፈ በሚሄደው የዘር ሐረግ የጋራ ቅድመ አያቶቻችን ከእርሷ እጅግ ዘግይተው የኖሩ ናቸው።

አጥንቷ ተገኘ መባሉም አያስኬድም። በሞቃት አገር ዲ.ኤን.ኤ. ፈጥኖ ይፈርሳል። ከአፍሪካ የጥንት ሰው ሙሉ ዘረመል ለመጀመሪያ ጊዜ የተነበበው በ2015 ነው፤ እርሱም በጋሞ ደጋ ሞታ ዋሻ ውስጥ የተገኘው፣ 4,500 ዓመት ዕድሜ ያለው ሰው ነው። ከዚህም በላይ የእናታችን መስመር ከሳይሎን የመጣ ቢሆን ኖሮ፣ ሚቶኮንድሪያችን ከምድር ፍጥረት ሁሉ ተለይቶ በታየ ነበር። የኒያንደርታሉ በ1997 ሲነበብ ግን የእኛው የሩቅ ዘመድ ሆኖ ተገኘ፤ የቺምፓንዚውም በዚያው ዛፍ ላይ ራቅ ያለ ቅርንጫፍ ነው።

ልብ ወለድ ነው፣ ምን አስጨነቃችሁ የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። ለወዳጄም ይህንኑ አልኩት። «ላሊበላን የአውሮፓ መስቀላውያን ናቸው ያነጹት የሚል መጽሐፍ አላየህም?» ብሎ መለሰልኝ። እውነት አለው። የ1978ቱ የመጀመሪያ ሥራ ገና በመግቢያው የግብፆችና የማያዎች አባቶች ከጠፈር የመጡ ሊሆኑ እንደሚችሉ ይተርክ ነበር። ኤሪክ ፎን ዴኒከን ጥንታዊ ሕንጻዎችን ከሌላ ዓለም እንግዶች ጋር ያያያዘበትን መጽሐፍ ካወጣ ገና አሥር ዓመቱ ነበር፤ አስተሳሰቡ ያኔ ገበያ ነበረው። የሙር ሥራ ግን ሥልጣንን፣ ወረራንና ማሰቃየትን በድፍረት የጠየቀ ነው። ተመልካቹ ሁሉን እንዲጠይቅ አስተምሮ በመጨረሻዋ ሰዓት ይህን አሮጌ ተረት ሳይጠይቅ መቀበሉ ያሳዝናል። ድራማውን አሁንም እወደዋለሁ፤ የፍጻሜው የመጀመሪያ አጋማሽ፣ ሄራን ለማስጣል የሚደረገው ዘመቻ፣ በቴሌቪዥን ካየኋቸው ውጊያዎች ሁሉ የላቀ ነው።

በመጨረሻ ልጅቱ አሸነፈች። አንድ ቅዳሜ ማታ አብረው አዩት። መርከቦቹ ወደ ፀሐይ ሲነጉዱ ዝም አለች፤ ኒውዮርክ ሲታይም ዝም አለች። ቴሌቪዥኑ ከጠፋ በኋላ፣ «አባዬ፣ ጦር የያዙት ሰዎች ስማቸው ማን ነው?» ብላ ጠየቀችው። ተመልሰው ፈለጉ። ስም የተሰጠው አንድም አልነበረም።

በማግሥቱ በሄርንደን ጣቢያ ሲልቨር ላይን ባቡር ተሳፍረው ዲሲ ወረዱ፤ በድራማው ጉባኤው ተደረገበት ወደተባለው ወደ ስሚዝሶኒያን፣ የሰው ዘር አመጣጥ ወደሚታይበት አዳራሽ። ልጅቱ ማስታወሻ ደብተር ይዛ ነበር። «ኢዳልቱ» የሚለውን ስም በአማርኛ ፊደል እንዴት እንደሚጻፍ ከጠየቀችው በኋላ፣ የራስ ቅሎቹን ከግራ ወደ ቀኝ አንድ በአንድ እያየች መመዝገብ ጀመረች።