ሰውን አስደንግጦ በሰላም መመለስ

ሰው ገንዘብ ከፍሎ ሊደነግጥ ይሄዳል ቢባል ብዙ ሰው አያምንም። «ፍርሃት ከመቼ ወዲህ ነው በገንዘብ የሚገዛው?» ብሎ ይስቃል። ነገሩ ግን እውነት ነው። በአሜሪካ አገር በየዓመቱ በጥቅምት ወር እጅግ ብዙ ሰዎች ተሰልፈው፣ ቲኬት ቆርጠው፣ ወደ ጨለማ ቤት ይገባሉ። ይጮኻሉ፣ ይሮጣሉ፣ ልባቸው ይመታል። ከዚያ እየሳቁ ይወጣሉ። ይህ ቤት የማስፈራሪያ ቤት ይባላል።

የማስፈራሪያ ቤት የጠንቋይ ቤት አይደለም። መንፈስም ጭራቅም የለበትም። በውስጡ ያለው ጣውላ፣ ጨርቅ፣ ቀለም፣ መብራት፣ ድምፅና ሥራቸውን የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ሥራው እንደ አናጢነትና እንደ ልብስ ስፌት ሁሉ ሙያ ነው። ሙያ ከሆነ ደግሞ በትምህርት ይገኛል።

ለመሆኑ ይህን ሙያ የሚፈልግ ሰው ምን ምን መማር አለበት? ከሁሉስ አስቀድሞ ማወቅ ያለበት ምንድን ነው? በዚህ ጽሑፍ የምናየው ይህንን ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሥራው ከየት መጣ?

ማሪ ቱሶ የምትባል ሴት በ1802 ከሰም የተሠሩ ምስሎቿን ይዛ ከፈረንሳይ ወደ ለንደን ሄደች። ከምስሎቹም መካከል በፈረንሳይ አብዮት ጊዜ የተሰየፉ ሰዎች ራስ ይገኝበት ነበር። የለንደን ሕዝብ እየከፈለ ገብቶ አየ። በ1915 የተሠራ አንድ የማስፈራሪያ ቤት ደግሞ ሆሊኮምብ በሚባል ቦታ በእንግሊዝ አገር ተጠብቆ ይገኛል።

በአሜሪካ ሥራው የተስፋፋው ሃሎዊን በሚባለው በዓል ምክንያት ነው። በዓሉ የሚውለው ኦክቶበር 31 ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 21 ቀን ገደማ ነው። በዚያ ዕለት ልጆች ጭንብል ያጠልቁና፣ ልክ እንደ ሆያ ሆዬ ጨፋሪዎች፣ ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ከረሜላ ይለምናሉ። በ1930ዎቹ፣ አገሩ በኢኮኖሚ ድቀት በተጎዳበት ጊዜ፣ ጎረምሶች በዚህ ሌሊት አጥር እየሰበሩ ንብረት እያጠፉ አስቸገሩ። ወላጆችም መከሩ። «ከቤታችን ምድር ቤት ጨለማ ክፍል እናዘጋጅ፣ ልጆቹ እዚያ እየደነገጡ ይጫወቱ» አሉ። ይህም አንዱ መነሻ ሆነ።

በ1969 ዲዝኒላንድ በሚባለው የካሊፎርኒያ መዝናኛ ስፍራ ትልቅ የማስፈራሪያ ቤት ተከፈተ። በ1970ዎቹ ደግሞ ጄይሲስ የሚባለው የወጣቶች ማኅበር በየከተማው የማስፈራሪያ ቤት እያዘጋጀ ለበጎ አድራጎት ገንዘብ ሰበሰበ። ከዚያ ወዲህ ሥራው የብዙዎች መተዳደሪያ ሆኗል።

ሰው መደንገጥን ለምን ይወዳል?

ሌሊት ከበረት ስትመለሱ አጠገባችሁ ቅጠል ቢንኮሻኮሽ ምን ትሆናላችሁ? ትከሻችሁ ወደ ላይ ይሰበሰባል። ዓይናችሁ ይርገበገባል። ልባችሁ ድው ድው ይላል። ይህ የሚሆነው ሳታስቡት ነው። ሰውነት ለመሸሽ ወይም ለመታገል ራሱን ያዘጋጃል። ቅጠሉን ያንኮሻኮሸችው የራሳችሁ ጥጃ መሆኗን ስታውቁ ግን ትስቃላችሁ። ድንጋጤው አልፎ ደስታ ይመጣል።

የማስፈራሪያ ቤት የሚሸጠውም ይህንኑ ነው። ገቢው ሰው ሰውነቱ ይደነግጣል፣ ልቡ ግን «ይህ ጨዋታ ነው» ብሎ ያውቃል። በዴንማርክ አገር ያሉ ተመራማሪዎች በአንድ የማስፈራሪያ ቤት የገቡ 110 ሰዎችን አጥንተው ውጤቱን በ2020 አሳትመዋል። የልብ ትርታቸውንም በመሣሪያ ለክተዋል። ያገኙት ነገር ለሙያው ትልቅ ትምህርት ነው። ፍርሃቱ ሲያንስ ሰው ይሰለቻል። ሲበዛም ደስታው ይጠፋል። የሚደሰተው መጠኑ ሲመጠን ነው። ነገሩ እንደ ወጥ ጨው ነው ማለት ነው።

የሙያው ትምህርት

አንደኛው ትምህርት መንገዱን መቀየስ ነው። ቤቱ እንደ እባብ የሚጠማዘዝ ጠባብ መተላለፊያ አለው። ሰው ከማጠፊያው ወዲያ ምን እንዳለ አያይም። ያላየውን ደግሞ ራሱ በሐሳቡ ይፈጥረዋል። ገቢዎቹ ተነጣጥለው በትናንሽ ቡድን ይገባሉ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ከገቡ ፊተኛው የደነገጠበትን ኋለኛው አስቀድሞ ያየዋልና።

ሁለተኛው የብርሃን ሙያ ነው። ማታ በአውቶቡስ ስትሄዱ፣ ውስጡ መብራት ካለ፣ በመስኮቱ መስተዋት ላይ የራሳችሁን ፊት ታያላችሁ። ፊታችሁ ውጭ በጨለማው ውስጥ የተንሳፈፈ ይመስላል። በ1862 ጆን ፔፐር የሚባል ሰው ይህንኑ ጥበብ በለንደን መድረክ ላይ አሳየ። አንድ ትልቅ መስተዋት አጋድሞ አቆመ። ተመልካች በማያየው ቦታ አንድ ሰው አስቀምጦ ኃይለኛ መብራት አበራበት። የሰውየው ምስል በመስተዋቱ ላይ አረፈ። ተመልካቹ መስተዋቱን ስለማያይ፣ በመድረኩ ላይ መንፈስ የሚሄድ መሰለው። መብራቱ ሲጠፋ መንፈሱም ጠፋ። ይህ ጥበብ ዛሬም ይሠራበታል።

ሦስተኛው የድምፅና የመሣሪያ ሙያ ነው። ትልቅ የጭነት መኪና ሲቆም «ፍሽሽ» ሲል ሰምታችኋል። ያ የታመቀ አየር ነው። በማስፈራሪያ ቤትም የታመቀ አየር በቧንቧ እየሄደ አሻንጉሊቱን በድንገት ያስነሣዋል። ጭጋጉም ቢሆን አስማት የለበትም። ውኃና ግሊሰሪን የሚባል ፈሳሽ በመሣሪያ ሲሞቅ የሚወጣ ነው። ደም የሚመስለውም ከበቆሎ የሚሠራ ወፍራም ጣፋጭ ፈሳሽ ከቀይ የምግብ ቀለም ጋር ተደባልቆ ነው። ቁስል የሚመስለው ከጎማ ዛፍ በሚገኝ ወተት መሳይ ፈሳሽ ይሠራል። ይህ ፈሳሽ የማይስማማቸው ሰዎች ስላሉ፣ ፊት ላይ ከመቀባቱ በፊት ክንድ ላይ ይሞከራል።

አራተኛው የተዋናዩ ሙያ ነው። መጮህ ብቻ ሙያ አይደለም። ተዋናዩ ገቢዎቹ ወደ አንድ ወገን ሲያዩ እርሱ በሌላ ወገን ይመጣል። አስደንግጦም ቶሎ ይሰወራል። ጉሮሮው እንዳይጎዳ ከሆዱ መተንፈስን ይማራል፣ ውኃም ይጠጣል። በጥሩ ቤቶች ያለ ፈቃድ የገቢውን ገላ መንካት ክልክል ነው። ሕፃን ቢያለቅስ ወይም ሰው ራሱን ሊስት ቢቃረብ፣ ጨዋታውን አቁሞ ሰውየውን ወደ መውጫው ያደርሳል።

አንድ ተጨማሪ ደንብ አለ። ሰው ሲደነግጥ ከደነገጠበት ነገር ይሸሻል። ተዋናዩ ከፊት ቢወጣበት ወደ ኋላ ሮጦ ከሚከተሉት ሰዎች ጋር ይጋጫል። ስለዚህ አዋቂ ተዋናይ ከጎን ወይም ከኋላ ወጥቶ ሰውን ወደ ፊት፣ ወደ መውጫው ይነዳል። ከብት የነዳ ሰው ይህን ያውቀዋል። ከብት ወደ በረት የሚገባው ከኋላው ሲነዱት ነው። በር ላይ ቆመው ቢጮኹበት ይበረግጋል።

ስምንት ወጣቶች ያለቁበት ቀን

እስካሁን ያየነው የማስፈራራቱን ጥበብ ነው። ነገር ግን አንድ ሰው ይህን ሁሉ አውቆ ዋናውን ሳያውቅ ቢቀር፣ ሣሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ ይሆናል።

በኒው ጀርሲ ክፍለ ግዛት፣ ሲክስ ፍላግስ ግሬት አድቬንቸር በሚባል መዝናኛ ስፍራ አንድ የማስፈራሪያ ቤት ነበር። ቤቱ የተሠራው የጭነት መኪና ተሳቢዎችን እርስ በርስ በማገጣጠም ነበር። ውስጡ ጨለማ ነው፣ መተላለፊያው ይጠማዘዛል። ሰው እንዳይጎዳ ተብሎ ግድግዳው ላይ ስፖንጅ የተለጠፈበት ቦታ ነበር። ጢስ ሲሸተው የሚጮህ መሣሪያ አልነበረውም። እሳት ሲነሣ ከጣሪያ ውኃ የሚረጭ ቧንቧም አልነበረውም። ቤቱ እንደ ጊዜያዊ ነገር ይታይ ነበርና።

ሜይ 11 ቀን 1984 እሳት ተነሣ። በምርመራው እንደተባለው፣ አንድ ወጣት በጨለማው መንገዱን ለማየት ላይተር ለኮሰ፤ እሳቱም ስፖንጁን ያዘው። ስፖንጅ ቶሎ ይነዳል፣ ጢሱም መርዝ ነው። የተጠማዘዘው መንገድ፣ ጨለማውና ጩኸቱ ሰውን እንዲያሳስቱ ሆን ተብለው የተሠሩ ነበሩ። በዚያች ሰዓት ጠላት ሆኑ። ከገቡት መካከል ስምንት ወጣቶች መውጫውን አላገኙም፤ ሞቱ። የቤቱ ባለቤት ድርጅት ተከሶ ፍርድ ቤት ቀረበ። በ1985 ጥፋተኛ አይደለም ተባለ። የሞቱት ልጆች ግን አልተመለሱም።

ከአደጋው በኋላ የአሜሪካ የእሳት መከላከያ ደንብ ጠበቀ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ነው። ሆኖም የኋለኞቹን ሰዎች ጠቅሟል። ደንቡ በአጭሩ የሚከተለውን ያዛል።

1. ለዚህ ሥራ የሚውል ቤት፣ በጣም ትንሽ ካልሆነ በቀር፣ እሳት ሲነሣ በራሱ ውኃ የሚረጭ ቧንቧ ይኑረው።
2. ጢስ የሚያውቅ መሣሪያ ይኑር። መሣሪያው ጢስ ሲያገኝ የመውጫው መንገድ ወለል ብሎ ይብራ፣ የሚያደነጋግረውም ድምፅ ሁሉ ጸጥ ይበል።
3. መውጫውን የሚያሳይ ምልክት ይኑር። የመውጫ በር አይቆለፍ፣ ዕቃም አይከመርበት።
4. ግድግዳው ላይ የሚለጠፈው ነገር እሳት ቶሎ የማይዘው ይሁን።

ሁለተኛውን ደንብ ልብ በሉ። ቤቱ የተሠራው በጨለማና በጩኸት ነው። ደንቡ ደግሞ «ጨለማህንና ጩኸትህን በአንድ አፍታ ማጥፋት ካልቻልክ ቤቱን አትክፈት» ይላል። የዚህ ሙያ ቁልፉ ይህ ነው። ፍርሃቱን ማስነሣት የሚችል ሰው ማቆምም መቻል አለበት።

ከማን ይማሩታል?

ሙያውን የሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ ከታች ይጀምራል። መጀመሪያ በር ላይ ቆሞ ሰው ይቆጥራል። የገባውና የወጣው ቁጥር መግጠም አለበት። ቀጥሎ ቀለም ይቀባል፣ ጣውላ ይመታል፣ ይተውናል። ከአናጢው፣ ከኤሌክትሪክ ሠራተኛው፣ ከሰፊውና ከቲያትር ሰው ይማራል። የሙያው ሰዎች ማኅበርም ለቤት አስተዳዳሪዎች የጥንቃቄ ትምህርት ይሰጣል።

በመጨረሻም ከእሳት አደጋ ሠራተኛ ይማራል። ቤቱ ከመከፈቱ በፊት የእሳት አደጋ መርማሪ ገብቶ ያያል። ሠራተኞቹም መብራት ሁሉ ጠፍቶ ቢሆን እንኳ መውጫውን በዳበሳ እስኪያገኙት ድረስ ይለማመዳሉ። እያንዳንዱ ሠራተኛ የእጅ ባትሪ ይይዛል። በመግቢያው ላይም «የልብ ሕመም ያለበት፣ የሚጥል በሽታ ያለበት፣ ነፍሰ ጡር የሆነች አትግባ» የሚል ማስታወቂያ ይለጠፋል።

በሥራው ውስጥ አንድ ፈተና አለ። ጭጋጉ የጢሱን መሣሪያ አንዳንድ ጊዜ በከንቱ ያስጮኸዋል። ሰነፍ ባለቤት «ረበሸን» ብሎ መሣሪያውን ያጠፋዋል። አዋቂ ባለቤት ግን የጭጋጉን መጠን ይቀንሳል፣ ወይም ለቦታው የሚስማማ መሣሪያ ያስገባል። ሌባ በሌለበት ሌሊት ጮኸ ተብሎ ውሻ አይገደልም።

እንግዲህ ከዚህ ሙያ የምንማረው ምንድን ነው? በጨለማ ያየነው ሁሉ መንፈስ አይደለም። መስተዋትና መብራትም መንፈስ ይመስላሉ። ከዚያ የሚበልጠው ቁም ነገር ግን ሌላ ነው። ሰው አምኖን ወደ ሠራነው ቤት ሲገባ ነፍሱን አደራ ሰጥቶናል። ቤቱ የማስፈራሪያ ቤት ይሁን፣ የመሰብሰቢያ አዳራሽ ይሁን፣ ትምህርት ቤት ይሁን፣ ጥያቄው አንድ ነው። መውጫው የት ነው? በሩስ ክፍት ነው?

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ሰው ድንጋጤው ካለፈ በኋላ የሚስቀው ለምንድን ነው?
2. ማታ በአውቶቡስ መስኮት ላይ ፊታችን የሚታየን ለምንድን ነው? ቀንስ?
3. በ1984 የተቃጠለው ቤት ምን ምን ጎድሎት ነበር?
4. እናንተ የምትሰበሰቡበት ቤት ስንት በር አለው? በድንገት እሳት ቢነሣ ሁሉም ሰው በቶሎ ሊወጣ ይችላል?