ከጎርፍ የተረፈ ውሻ የማን ነው?

እ.ኤ.አ. ኦገስት 29 ቀን 2005 ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ የሉዊዚያናን ጠረፍ መታ። የጎርፍ መከላከያ ግንቦቹ ሲደረመሱ ከኒው ኦርሊንስ ከተማ 80 በመቶ ያህሉ በውኃ ተዋጠ። በሱፐርዶም ስታዲየም ተጠልለው የነበሩ ሰዎች ከቀናት ስቃይ በኋላ ወደ ሂዩስተን የሚወስዷቸው አውቶቡሶች ቢመጡላቸውም፣ እንስሳ ይዞ መሳፈር ክልክል ነው ተባሉ። አንድ ፖሊስ የአንድ ትንሽ ልጅ ውሻ ወሰደበት፤ ልጁም «ስኖውቦል! ስኖውቦል!» እያለ እስኪያስታውከው ድረስ አለቀሰ። አሶሺዬትድ ፕሬስ ይህን በጥቂት መስመሮች ዘገበው፤ አገሩ ግን ዘገባውን ከአፉ አላወጣውም።

«ሰው እያለቀ ስለ ውሻ ይወራል?» የሚሉ ነበሩ። በአውሎ ነፋሱና በመዘዙ ከ1,300 በላይ ሰዎች ስለሞቱ ጥያቄው ከጭካኔ የመጣ ነው ማለት አይቻልም። መልሱ ግን እዚያው ከተጎጂዎቹ አንደበት ተገኘ። ፍሪትዝ ኢንስቲትዩት በ2006 ይፋ ባደረገው ጥናት፣ ቤታቸውን ለቀው ካልወጡት ሰዎች 44 በመቶው ለመቅረታቸው አንዱ ምክንያት የቤት እንስሶቻቸውን ጥለው መሄድ አለመፈለጋቸው እንደሆነ ተናግረዋል። ውሻው ካልወጣ ባለቤቱም አይወጣም፤ ባለቤቱ ካልወጣ ደግሞ እሱን ፍለጋ ጀልባ የሚቀዝፍ ሌላ ሰው ለአደጋ ይጋለጣል።

ከመላ አሜሪካ የጎረፉት በጎ ፈቃደኞች በጀልባ እየዞሩ የተቆለፉ ቤቶችን ከፈቱ፣ ከጣሪያ ላይ ውሾችን አወረዱ፣ ሊይዟቸው ላልቻሉት ምግብና ውኃ አስቀመጡ። ጎንዛሌስ ከተማ የሚገኘው፣ በደኅናው ጊዜ የፈረስ ትርዒት የሚታይበት ላማር ዲክሰን ማዕከል ግዙፍ የእንስሳት መጠለያ ሆነ። በአጠቃላይ 15,000 ያህል እንስሳት እንደተረፉ ይገመታል።

ትልቁ ስብራት የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ከተረፉት መካከል ወደ ባለቤታቸው የተመለሱት ከአምስት አንድ እንኳ እንደማይሞሉ ተገምቷል። ብዙዎቹ የአንገት ምልክትም ሆነ ከቆዳ ሥር የሚቀበር መለያ ማይክሮቺፕ አልነበራቸውም። ባለቤቶቻቸው በየግዛቱ ተበትነዋል፤ መጠለያው ሲጨናነቅም እንስሶቹ ወደ ሌሎች ግዛቶች ተጫኑ። አንዳንዱ በጎ ፈቃደኛ ከየት ቤት እንዳወጣቸው እንኳ ሳይመዘግብ ይዟቸው ሄደ። ከወራት በኋላ ውሻቸውን ያገኙ ቤተሰቦች፣ «አሁን የኛ ነው» ከሚሉ አዲስ አሳዳጊዎች ጋር ፍርድ ቤት ቆሙ። ቤቱን በጎርፍ ላጣ ሰው ይህ ሁለተኛ ዘረፋ ነው። የአዳኞቹ ልብ ንጹሕ ቢሆንም፣ ያልተጻፈው አድራሻ ያደረሰውን ጉዳት ደግነታቸው አያካክሰውም።

የሕግ ለውጡ ፈጥኖ መጣ። ከናዚ እልቂት የተረፉት የካሊፎርኒያው የምክር ቤት አባል ቶም ላንቶስ ከክሪስቶፈር ሼይስ ጋር ያቀረቡትን ረቂቅ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ በኦክቶበር 2006 ፈረሙበት። ከዚያ ወዲህ የግዛቶችና የከተሞች የአደጋ ጊዜ ዕቅድ የቤት እንስሳትንና አገልጋይ ውሾችን ማካተት አለበት። በ2008 ጉስታቭ የተባለው አውሎ ነፋስ ሲመጣ ኒው ኦርሊንስ ሰውን ከነእንስሳው አስወጣች።

ሆኖም ሕጉ ብዙ ሰው እንደሚያስበው ሰፊ አይደለም። ሆቴሎች እንስሳ እንዲቀበሉ አያስገድድም፤ ፈረስ፣ ላምና ፍየልም «የቤት እንስሳ» በሚለው ትርጓሜ ውስጥ አይገቡም።

ጃፓንም በዚሁ መንገድ አልፋለች። በማርች 2011 አደጋ በደረሰበት የፉኩሺማ የኑክሌር ጣቢያ ዙሪያ እስከ 20 ኪሎ ሜትር ድረስ ያለው ሕዝብ እንዲወጣ ሲታዘዝ፣ በጥቂት ቀን እንመለሳለን ብለው ውሻቸውን አስረው የሄዱ ብዙ ነበሩ። የአገሪቱ የአካባቢ ሚኒስቴር በ2013 ባወጣው መመሪያ ባለቤቶች እንስሶቻቸውን ይዘው እንዲወጡ አሳሰበ።

ለመርዳት የምትሹ ሁሉ፣ አደጋ ሳይመጣ በአቅራቢያችሁ ካለ የእንስሳት መጠለያ ተመዝገቡና ሠልጥኑ፤ ያወጣችሁትን እንስሳ ከየት ቤት እንዳወጣችሁት ጻፉ። ማዕበል በሚያሰጋት ሂዩስተን ወይም ሰደድ እሳት በማይለየው ካሊፎርኒያ ውሻና ድመት የምታሳድጉ ወገኖችም፣ በማይክሮቺፑ መዝገብ ላይ ያለው ስልክ ቁጥር አሁን የምትጠቀሙበት መሆኑን ዛሬውኑ አረጋግጡ።