የውስጥ አርበኛ ማን ነበር?

መርካቶ ስንወርድ ዋጋ እንጠይቃለን እንጂ ስለ ስሙ ማን ይጠይቃል? ስሙ የጣሊያን ነው። ፋሽስት ኢጣሊያ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላ፣ አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን ትልቁን ገበያ ወደ ምዕራብ አዛውሮ «የአገሬው ሰው ገበያ» አለው። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ነጩ ለብቻ፣ አበሻው ለብቻ። አዲስ ከተማ በወራሪው ፕላን የተቆረቆረ ሰፈር ነው።

ለመሆኑ የወራሪው ወታደር ከሕዝቡ ጋር እንዴት ኖረ? የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ድሆችን ሰብስቦ ምጽዋት ሲያስድል፣ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወረወሩበት። ከዚያ ወታደሩና ጥቁር ሸሚዙ ሦስት ቀን ሙሉ ያገኘውን ሰው ገደለ፤ ቤቱን ከነነዋሪው አቃጠለ። የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር 30,000 አድርሶታል።

ወራሪው ሕዝቡ ፈርቶ ከአርበኛው የሚለይ መስሎት ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። ከእልቂቱ ከተረፈው ብዙ ሰው ዱር ገባ፤ ከተማ ከቀረውም «የውስጥ አርበኛ» የሆነ ጥቂት አይደለም። የውስጥ አርበኛ ለጠላት ያደረ መስሎ እየዋለ፣ በስውር ጥይት፣ መድኃኒት፣ ልብስና ወሬ በረሃ ላለው ወገኑ ይልካል። ከእነዚህ አንዷ ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ነበሩ። ተይዘው ኢጣሊያ ድረስ ተጋዙ፤ ሲመለሱም ትግሉን አልተዉም።

ነገሩን ግን አናሳምረው። አርበኛውም ቀለብ የሚሰፍርለት መንግሥት ስላልነበረው የሚበላው ከገበሬው ጎተራ ነው። ገበሬው ሲያበላ ጎተራው ይራቆታል፤ ማብላቱ ከታወቀ ደግሞ ጠላት ጎጆውን ያነድበታል። ታዲያ አምስት ዓመት ሙሉ ይህን ሸክም እንዴት ቻለው? በብዙ ቦታ አርበኛው የዚያው አገር ልጅ ነበራ! ወንድም ነው፣ አማች ነው፣ የጎረቤት ልጅ ነው። ወራሪው ግን መትረየስና አውሮፕላን ይዞ፣ የሚያምነው ጎረቤት አላገኘም።

እጩ መምህራን፣ ነገ ይህን ታሪክ ስናስተምር የጦር አለቆችን ስም ብቻ አናስቆጥር። «ማን አበላቸው? ጥይቱን ማን አሻገረላቸው?» ብለን እንጠይቅ። ምናልባት አንዱ ተማሪ መልሱን ከቤቱ ይዞ ይመጣል።

ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ተባረረ። ገበያው የሕዝቡ ሆነ፤ ስሙ ብቻ ቀረ።