የፕሮፎርማዋ ደብዳቤ የት ገባች?

ከጥቂት ዓመታት በፊት እሠራበት ለነበረ መሥሪያ ቤት አንዲት የፕሮፎርማ ጥያቄ በኢሜይል መጣች። ማንም አላያትም። ቀኑ ካለፈ በኋላ ላኪው ደውሎ «ምነው፣ መልስ እንኳ ነፈጋችሁን?» ሲል ሰርቨሩ ተበረበረ። ደብዳቤዋ ማንም ከፍቶት በማያውቅ ሳጥን ውስጥ፣ በሎተሪ ዕጣና በውፍረት መቀነሻ ኪኒን ማስታወቂያ መሀል ተገኘች። ሳይጠየቅ በጅምላ የሚላከውን ደብዳቤ፣ ማለትም ስፓምን፣ የሚይዘውን ማጣሪያ የሸጠልን ሰው «ከመቶ ዘጠና ዘጠኙን ይይዛል» ብሎን ነበር። አልዋሸም፤ ይይዛል። የእኛንም ጨምሮ።

ከዚያ ወዲህ የትኛውን የስፓም ማጣሪያ እንግዛ የሚለኝ ሰው ሲገጥመኝ ስንት እንደሚይዝ አላወራም። የያዘውን የት ያስቀምጠዋል? ሲሳሳትስ ማን ያይለታል? የምጠይቀው ይህንን ነው።

የስፓም ችግር የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ጋሪ ቱርክ የሚባል የዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን የሽያጭ ሰው የኮምፒውተር ማስታወቂያ የኢንተርኔት ቀዳሚ ለነበረው ለአርፓኔት 400 ያህል ተጠቃሚዎች በአንድ ጊዜ ላከ። ለእኛ የሚቀርበን ግን እ.ኤ.አ. የ1994ቱ ነው። ካንተርና ሲግል የተባሉ ባልና ሚስት፣ የአሪዞና ጠበቆች፣ በሺዎች በሚቆጠሩ የዩዝኔት መወያያ ቡድኖች ላይ አንድ ማስታወቂያ ለጠፉ። ስለ ምን? ስለ ግሪን ካርድ ሎተሪ። አዎ፣ ያው ዲቪ። ስፓምን በዓለም ካስጠሩት ነገሮች አንዱ እኛ በየዓመቱ ፎቶ ስንነሳለት የኖርነው ዕጣ መሆኑ ሁልጊዜ ያስቀኛል።

ወደ አሠራሩ እንግባ። ኢሜይል ሰርቨራችሁ ደጃፍ ሲደርስ ገና ሳይነበብ የላኪው አይፒ አድራሻ ይጣራል። እንደ ስፓምሃውስ ያሉ ድርጅቶች ስፓም የሚረጩ አድራሻዎችን መዝገብ ይይዛሉ። ሰርቨሩ የኢንተርኔት አድራሻ ማውጫ በሆነው በዲኤንኤስ በኩል «ይህ ሰው መዝገባችሁ ላይ አለ?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱ ወዲያው ይመጣል። ብዙው ቆሻሻ እዚሁ ደጅ ይቀራል። አንድ ወጥመድ ግን አለ። የስፓምሃውስ ነፃ አገልግሎት እንደ ጉግል 8.8.8.8 ባሉ የሕዝብ ዲኤንኤሶች በኩል ለመጣ ጥያቄ መልስ ሳይሆን የስሕተት ኮድ ነው የሚመልሰው። ኮዱን እንዲለይ ያልተነገረው ማጣሪያ «ተመዝግቧል» ማለት ይመስለዋል። ያን ጊዜ ደብዳቤ ሁሉ ከደጅ ይመለሳል፤ ቢሮው ደግሞ «ዛሬ ምነው ጸጥ አለ?» እያለ ቡናውን ይጠጣል። መፍትሔው የራስን የዲኤንኤስ ጠያቂ (ሪዞልቨር) እዚያው ሰርቨሩ ላይ መትከል ነው። ሻጩ ይህን ሲጠየቅ ከተደናገረ፣ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።

ደጃፉ ላይ ግሬይሊስቲንግ የሚባል ሌላ ብልሃትም አለ። ሰርቨሩ የማያውቀውን ላኪ «አሁን አይመቸኝም፣ ቆይተህ ተመለስ» ይለዋል። ትክክለኛ የኢሜይል ሰርቨር ወረፋ ይዞ ይመለሳል፤ በሚሊዮን የሚረጨው ግን ብዙ ጊዜ አይመለስም። ዋጋው መዘግየት ነው፤ በአምስት ደቂቃ ጊዜው የሚያልፍበት የማረጋገጫ ኮድ በሃያኛው ደቂቃ ሊደርስ ይችላል።

ቀጥሎ የማንነት ጉዳይ ይመጣል። በእኛ አገር ክብ ማኅተም የሌለው ደብዳቤ ከመዝገብ ቤት አያልፍም አይደል? በኢሜይል ላይ ዲኪም የሚባለው ማኅተሙ ነው። ኤስፒኤፍ «በእኔ ስም ደብዳቤ የሚያደርሱት እነዚህ ናቸው» የሚል የመልእክተኞች ዝርዝር ነው። ዲማርክ ደግሞ ሁለቱም ሳይገጥሙ ሲቀሩ ምን እንደሚደረግ ያዛል። ጂሜይልና ያሁ ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ በጅምላ የሚልኩትን ሦስቱንም ይጠይቃሉ። ማኅተም ግን የላኪውን ማንነት እንጂ ደግነቱን አይናገርም፤ አጭበርባሪውም የራሱን ዶሜይን ገዝቶ፣ የራሱን ማኅተም አስቀርጾ ይመጣል።

ስለዚህ መጨረሻ ላይ ይዘቱ መነበቡ አይቀርም። ስፓምአሳሲን የሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ለእያንዳንዱ አጠራጣሪ ምልክት ነጥብ ይሰጣል፤ ድምሩ 5 ሲሞላ ስፓም ነው ይላል። ቁጥሩን መቀየር ይቻላል። ከዚህ ጋር የቤይዝ ስሌት አለ፤ ፖል ግራሃም እ.ኤ.አ. በ2002 የጻፈው ጽሑፍ ነው በሰፊው ያስተዋወቀው። ስሌቱ «ሽልማት» የሚለው ቃል በስፓም ውስጥ፣ «ፕሮፎርማ» የሚለው ደግሞ በደህናው ውስጥ ስንት ጊዜ እንደታየ ይቆጥርና ቃላቱን አንድ ላይ ይመዝናል። ስፓምአሳሲን ይህን መጠቀም የሚጀምረው ቢያንስ 200 ስፓምና 200 ደህና ደብዳቤ ከተማረ በኋላ ነው። ገዝተው በማግስቱ «አይሠራም» የሚሉ አሉ፤ ገና ፊደል ያልቆጠረ ተማሪን ፈተና እንደማስቀመጥ ነው።

አማርኛ ላይ ደግሞ ትምህርቱ ይከብዳል። ባንክ፣ ከባንክ፣ ለባንኩ፣ ባንካችን ለእኛ አንድ ቃል ናቸው። ቃልን በባዶ ቦታ ለይቶ ለሚቆጥር ማጣሪያ ግን አራት የማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው። በዚያ ላይ አንዱ «ጸሐፊ»፣ ሌላው «ፀሀፊ» ብሎ ይጽፋል። ስለዚህ በአማርኛ የሚጻጻፍ ቢሮ ከራሱ ደብዳቤዎች ብዙ ናሙና መመገብ አለበት፤ ውጭ አገር የሠለጠነውን እንዳለ መቀበል አይበቃም።

ምርጫው እንግዲህ ምንድን ነው? ስፓምአሳሲን የቆየና የተፈተነ ነው፤ በፐርል ስለተጻፈ ግን ደብዳቤ ሲበዛ ይዘገያል። አርስፓምዲ በሲ የተጻፈ ፈጣን ነው፤ እኔን የሚስበኝ ደረጃ በደረጃ መሄዱ ነው፦ ሳይነካካ እንደመጣ 4 ነጥብ ላይ ያዘገያል፣ 6 ላይ ምልክት ያደርጋል፣ ከደጅ የሚመልሰው 15 ላይ ነው። ሁለቱም በነፃ ይገኛሉ፤ ደመወዙ የሚከፈለው ለሚንከባከባቸው ሰው ነው። ሰው ከሌላችሁ ፕሮክስሞክስ ሜይል ጌትዌይ ተሰናድቶ የመጣ ነው፤ የተያዘውን በድረ ገጽ ያሳያል። በክላውድ የሚሸጠው ድካሙ ትንሽ ነው። ግን በየሳጥኑ፣ ያውም በዶላር ይከፈላል፤ ደብዳቤያችሁም በሌላ ሰው ቤት አልፎ ነው የሚመጣው። ሕግ ነክ ወይም የሕክምና ጉዳይ የሚይዝ ቢሮ ቆም ብሎ ያስብበት።

የትኛውንም ብትመርጡ የመጀመሪያውን ወር ምንም እንዳይመልስ አድርጉት፤ ምልክት ብቻ ያድርግ። በወሩ መጨረሻ ሊጥለው የነበረውን አብራችሁ አንብቡ።

አሁን ባለሁበት ቢሮ አርስፓምዲ ነው ያለው። የተጠረጠረውን ሳጥን በየማለዳው የምትከፍተው የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ናት እንጂ የአይቲ ባለሙያው አይደለም። ገቢ ደብዳቤ ስትለይ ዓመታት ኖራለች፤ ማን እንደሚጽፍልን ታውቃለች። ባለፈው ሳምንት ሁለት አወጣች። አንዷ መድኃኒት ከሚያስመጣ ደንበኛችን ነበረች፤ ማጣሪያው የኪኒኑን ስም ሲያይ ደንግጦ ነው። ሁለተኛዋን የላኩት እኔ ነኝ፣ ከቤቴ አድራሻ፣ ርዕስ ሳልጽፍላት።