የአባቴ በጎችና የኔ ማስተርስ

ለሁለተኛ ዲግሪ የምትሰናዱ ወጣቶች፣ ከኔ ጥፋት ተማሩ! የሞላሌ ልጅ ነኝ። አዲስ አበባ የፖለቲካ ሳይንስና የዓለም አቀፍ ግንኙነት ማስተርስ ስጀምር አባቴ ለክፍያው በጎቹን ሸጠ። ኮርሱ አልቆ የመመረቂያ ጥናት ርዕስ አምጣ ስባል «የፀጥታው ምክር ቤት» አልኩ። አምስቱ ቋሚ አባላት፣ ድምፅን በድምፅ የመሻር መብት… ሁሉም ተጽፎ ያለቀ፤ እኔ የምጨምረው አንዲት መስመር የለኝ! ጊዜው ሲራዘም ክፍያውም ጨመረ፤ ሌላ በግ ሊሸጥ ሆነ።

ለፋሲካ አገር ቤት ስገባ አባቴ «ለመሆኑ ትምህርትህ ስለምንድን ነው?» አለኝ። «መንግሥታት የጋራቸውን ነገር እንዴት ተስማምተው እንደሚይዙ ነው» አልኩት። ሳቀና «ይኼን ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ ምን አስኬደህ? ጓሳስ የማን ነው?» አይለኝም!

ክው አልኩ። መንዞች የጓሳን ሣር በቄሮ ሥርዓት፣ አለቃ መርጠው፣ ለዓመታት እየዘጉ ሲጠብቁት ኖረዋል። ሥርዓቱ የፈረሰው በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ነው። ባለቤቶቹ የጋራ ሀብታቸውን ራሳቸው ማስተዳደር እንደሚችሉ ያጠናችው ኤሊኖር ኦስትሮም እኮ እ.ኤ.አ. በ2009 የኖቤል ሽልማት ተሸልማበታለች!

ርዕሴን ቀየርኩ፤ ሽማግሌዎችን አነጋግሬ ጨረስኩ። እናንተም የቤተሰብ በግ ሳይሸጥ በፊት፣ የምትጠይቁትን ጥያቄ እወቁ። ምናልባት ደጃችሁ ላይ ነው።