ጾማችንና የጎረቤቶቻችን ማዕድ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

አይሻ ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው የባቡር መሥመር ላይ፣ በሶማሌ ክልል ሲቲ ዞን የምትገኝ ቆላማ ከተማ ናት። ክርስቲያኑን ወደ አይሻም ሆነ ወደ ጅግጅጋ የሚያመጣው አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ነው፤ ወታደሩ፣ መምህሩ፣ ነጋዴውና የከባድ መኪና ሹፌሩ ቤተሰባቸውን በደጋ ትተው ይመጣሉ። በትውልድ አገሩ ደወል ይቀሰቅሰው የነበረ ምእመን በዚህ ማለዳ የሚሰማው አዛን ነው። ረቡዕና ዓርብ መጾሙን የሚያስታውሰው ሰውም በአጠገቡ ላይኖር ይችላል።

ፈተናው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ግን በደግነት በኩል ነው። የሶማሌ ጎረቤታችን እንግዳ ሲቀበል በወተት የተፈላ፣ ስኳሩ የበዛ ሻይ ያቀርባል። ቀኑ ረቡዕ ቢሆንስ? አንዳንዶቻችን «ሰው እንዳይቀየም» ብለን እንጠጣለን። አንዳንዶቻችን ደግሞ እንደ ነውር ቆጥረን፣ ፊታችንን አጥቁረን እንመልሳለን። የፊተኛው ጾምን ይሽራል፣ የኋለኛው ሰውን ይገፋል፤ በእኛ እይታ የኋለኛው ቀላል ጥፋት አይደለም።

ቅዱስ ዳንኤል በባቢሎን ያደረገውን እናስተውል። እርሱ ምርኮኛ ነበር፤ እኛ በገዛ አገራችን ነንና ንጽጽሩ በሁሉ አይገጥምም። ሆኖም በትንቢቱ ምዕራፍ 1 እንደምናነበው በንጉሡ መብል ላለመርከስ በልቡ ከቆረጠ በኋላ ሹሙን አልሰደበውም፤ ለመነው እንጂ። ሹሙ ንጉሡን እንደሚፈራም ተረድቶ የ10 ቀን ፈተና አቀረበ፤ ጥራጥሬና ውኃ ብቻ። ለራሱ የጸና፣ ለሌላው የለዘበ ነበረ።

«ጾም ነኝ» ማለት ያሳፍራልን? ሶማሌዎች ጾምን «ሶን» ይሉታል፤ ቃሉ ከግእዙ «ጾም» ጋር ዘመዳም ነው። የረመዳንን ወር እስከ ፀሐይ መግቢያ የሚጾም ሰው የሌላውን ጾም ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። የጾሙ ሰዓት ደርሶ ከሆነ ያለ ወተት የተፈላ ሻይ ይመጣል፤ ወዳጅነቱም ይቀጥላል። በእርድ በኩልም እንዲሁ ነው፤ እኛ የእነርሱን እንደማንበላ እነርሱም የእኛን አይበሉም፣ ይህንንም ሁለታችንም ከጥንት እናውቀዋለን። ልጆቻችን ግን ምክንያቱን ከእኛ ካልሰሙ መለየትን ከንቀት ጋር ያምታቱታል።

ስለ ጫት በግልጽ እንናገር። ጎረቤት ያስገደደን የለም፤ ብቸኝነትና ሥራ ፈትነት ነው የሚስበን። በጾም ወራት ቅዳሴ የሚቀደሰው ከቀትር በኋላ ነው፤ በርጫውም የሚሞቀው በዚያው ሰዓት ነው። ከአንዱ መቅረት ግድ ይሆናል፤ ከየትኛው እንደምንቀር ደግሞ ራሳችንን እንጠይቅ።

ሐምሌ 28 ቀን 2010 ዓ.ም. በጅግጅጋ በተነሣው ጥቃት አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል፤ ካህናትና ምእመናን ተገድለዋል። ቤተሰቡን ላጣ ሰው ከዚያ ወዲህ የቀረበለትን ሻይ መቀበል ራሱ ሸክም ነው፤ ይህን ሳይቀምሱ «ይቅር በል» ብሎ ማዘዝም ከባድ ነው። ነቢዩ ኤርምያስ ግን ከአገራቸው ተነቅለው ለተወሰዱ ምርኮኞች በላከው ደብዳቤ (ምዕራፍ 29) ለሚኖሩባት ከተማ ሰላም እንዲጸልዩ አዝዟል። በጅግጅጋም ዲያቆኑ በቅዳሴ ስለ ሰላም እንዲጸለይ ሲያውጅ፣ ከሚጸለይላቸው መካከል ያ ሻይ ያቀረበልን ጎረቤት አለ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።